ያውቁ ኖሯል? ትንንሽ ቫዮሊኖችና ትንንሽ ጣቶች

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

● አዲስ ቫዮሊን በአዲስ ደጋን ቢመታ ድምፅ እንደማያወጣ ያውቁ ኖሯል? ደጋኑ ላይ የተወጠረው ጭራ ክሩን መያዝ ስለማይችል ተንሸራቶ ያልፋል። ድምፁ የሚመጣው ከጥድ ሙጫ የሚሠራው ሮዚን ጭራው ላይ ደህና አድርጎ ከታሸ በኋላ ነው። አዲስ ሮዚን ደግሞ ፊቱ ልሙጥ በመሆኑ እሱ ራሱ መጀመሪያ በአሸዋ ወረቀት ጫር ጫር መደረግ አለበት። ይህን ያልነገሩት ወላጅ፣ ልጁ የትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ ውስጥ ገብቶ ዕቃውን ይዞ በመጣ ማግስት፣ "የተበላሸ ሰጣችሁን" ብሎ አከራዩ ሱቅ ድረስ ይሄዳል።

● ጭራውን በእጅ መንካት ክልክል ነው። የጣት ወዝ የነካው ቦታ ክሩን አይዝም። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ "ይህን ለስላሳ ነገር እንዳትነካ" ብሎ ዞር ማለት ምን እንደሚያመጣ የሙዚቃ አስተማሪዎች ያውቁታል።

● "ኤ" የሚባለው ክር ተቃኝቶ ሲመታ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። ደጋኑ ሲሳብ፣ ሮዚን የጠጣው ጭራ ክሩን ይይዘዋል፣ ይጎትተዋል፣ ይለቀዋል፤ መልሶ ይይዘዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 440 ጊዜ ይደጋገማል። ነገሩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መርምሮ ያስረዳው ጀርመናዊው ሊቅ ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። ጎረቤት የሚማረርበት የጀማሪ ጩኸትም የሚፈጠረው ይህ መያዝና መልቀቅ ሥርዓቱን ሲስት ነው። ልጁ ደጋኑን አለልክ ሲጫነው፣ ወይም ሳያስበው ክሮቹን ወደሚሸከመው በርኩማ ሲጠጋ፣ ወይም ሲፈራና ደጋኑን ላይ ላዩን ሲያስኬደው ቫዮሊኑ ሲጢጥ ይላል። የግፊቱን መጠን፣ የደጋኑን ፍጥነትና ክሩ የሚመታበትን ቦታ ሦስቱንም ባንዴ ማመጣጠን ይጠበቅበታል። ግራ እጁ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሌላ ሥራ አለው።

● የደጋኑ ጭራ የእውነት የፈረስ ጭራ ነው፤ በአንድ ደጋን ላይ 150 እና ከዚያ በላይ ዘለላ ይወጠራል። በብዛት የሚመጣው ከሞንጎሊያ፣ ከሳይቤሪያና ከቻይና ነው። ሠሪዎች የወንድ ፈረስ ጭራ ይመርጣሉ። ለምን? የሴቷን ጭራ ሽንቷ ስለሚነካው። ይህን መረጃ አንድ ክፍል ሙሉ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ፊት መናገር የዚያን ቀን ትምህርት ማብቃት ማለት ነው።

● በዚህ ነገር የእኛ ማሲንቆ ከቫዮሊን አንድ እርምጃ ይቀድማል። ቫዮሊን ጭራ ያለው ደጋኑ ላይ ብቻ ነው፤ ማሲንቆ ግን ደጋኑም ክሩም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ ጭራን ይመታል። በገና በበኩሉ ከጥንቶቹ ቫዮሊኖች ጋር የሚጋራው ነገር አለው፤ የሁለቱም ክር ከበግ አንጀት ይሠራ ነበር። ዛሬ የተማሪ ቫዮሊን ክር ባብዛኛው ብረት ወይም ሰው ሠራሽ ነው።

● ግማሽ ቫዮሊን ግማሽ አይደለም። የልጆች ቫዮሊን በክፍልፋይ ይጠራል፦ ሦስት አራተኛ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ አንድ አስረኛ፣ አንድ አስራ ስድስተኛ፣ ሲያልፍም አንድ ሠላሳ ሁለተኛ። ሙሉው ቫዮሊን አካሉ (አንገቱ ሳይቆጠር) 35.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ "ግማሽ" የተባለው 31 ያህል፣ "ሩቡ" 28 ያህል ነው። እንግዲህ ሒሳብ የሚያስተምሩት መምህርና ሙዚቃ የሚያስተምሩት መምህር አንድ ኮሪደር ላይ ሆነው በክፍልፋይ ላይ ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራሉ ማለት ነው። ልክ የሚወሰነው በዕድሜ ሳይሆን በክንድ ነው። ልጁ ግራ እጁን ይዘረጋል፣ ቫዮሊኑ ትከሻው ላይ ይቀመጣል፤ ራስጌው መዳፉ ውስጥ ከገባለት ልኩ ነው።

● ልጅ ያድጋል፣ ቫዮሊን አያድግም። ስለዚህ ቤተሰቦች በብዛት መከራየት ይመርጣሉ፤ ክንዱ ሲረዝም ትንሹን መልሰው ተለቁን ይወስዳሉ። ችግሩ ጣቶቹ ላይ ነው። በትንሹ ቫዮሊን የተማረው የጣት ርቀት በተለቁ ላይ አይሠራም። ትናንት ልክ የነበረ ድምፅ ዛሬ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ልጁ ምንም አላጠፋም።

● ቫዮሊን ላይ፣ ጊታር አንገት ላይ እንደምናየው፣ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳይ ብረት የለም። ለዚህ ነው አስተማሪዎች አንገቱ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር የሚለጥፉት። ሌላም ብልሃት አላቸው። ልጁ በኤ ክር ላይ ሦስተኛ ጣቱን ዲ በሚባለው ድምፅ ላይ ልክ ካሳረፈ፣ ማንም ያልነካው የዲ ክር ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ጠጋ ብሎ ላየ በዓይን ይታያል። ጣቱ በጥቂቱ ከሳተ ክሩ ዝም ይላል። ልጁ ማንንም "ልክ ነኝ ወይ?" ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም።

● እስቲ እናስላ። ሠላሳ ልጅ ያለው ክፍል፣ እያንዳንዱ መሣሪያ አራት ክር፤ በድምሩ 120 ክር። ጀማሪ ልጅ መቃኘት አይችልም፤ መቃኛውን እንዲነካም አይፈቀድለትም፣ ክሩን ይበጥሰዋልና። አስተማሪው ለአንድ ክር አምስት ሰከንድ ብቻ ቢፈጅበት እንኳ ልጆቹ አንድም ድምፅ ሳያሰሙ አሥር ደቂቃ አለፈ። በዚያ ላይ የአንዱ በርኩማ ይወድቃል። የቫዮሊን በርኩማ በሙጫም በምስማርም አልተያያዘም፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ክሮቹ ስለተጫኑት ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ የእንጨት ምሰሶም እንደዚያው ያለ ሙጫ ነው የቆመችው። ሙሉ ልክ ባለው ቫዮሊን ላይ አራቱ ክሮች በድምሩ ከ20 ኪሎ በላይ ይጎትታሉ፤ ዕቃው ራሱ ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የአንደኛ ደረጃ ኦርኬስትራ መምህር ከኪሱ ውስጥ ፕላስተር፣ እርሳስ፣ ትርፍ ክርና ትዕግሥት አይለየውም።

● እርሳስ ለምን? ደጋን አያያዝ የሚለመደው መጀመሪያ በእርሳስ ስለሆነ ነው። አውራ ጣት ታጥፎ፣ ትንሿ ጣት ክብ ሆና ከላይ ቁጭ ትላለች። የቫዮሊን ደጋን 60 ግራም ገደማ ቢመዝን ነው፤ ቢሆንም ጫፉ ይዘነብላል፣ ያችን ትንሽ ጣት የሚያስለቅሳትም ይኸው ነው።

● በብዙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋን አይነካም፤ ልጆቹ ክሩን በጣት እየመቱ ይጫወታሉ። "ገና አልጀመሩም ማለት ነው" የሚል ካለ ይህን ይስማ፤ በቻይኮቭስኪ አራተኛ ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ የክር ተጫዋቾቹ ከዳር እስከ ዳር ደጋን አያነሡም። አሜሪካዊው ሌሮይ አንደርሰንም በ1951 "ፕሊንክ፣ ፕላንክ፣ ፕለንክ!" ብሎ የሰየመው ድርሰቱ ሙሉ ለሙሉ በጣት የሚመታ ነው።

● የትምህርት ቤት ጀማሪዎች መጽሐፍ ባብዛኛው በዲ ክር የሚጀምረው በአጋጣሚ አይደለም። ቫዮሊን ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ አለው። ቪዮላና ቼሎ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ አላቸው። ደብል ቤዝ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ አለው። አራቱም የሚጋሩት ጂን፣ ዲንና ኤን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ባንድ መምህር አራት ዓይነት መሣሪያ ሲጀመር መገናኛው እዚያ ነው። ደብል ቤዙ ቅኝቱ ከሌሎቹ ስለሚለይ ለእሱ የሚሆነው የጣት አቀማመጥም ለብቻው ነው፤ ያቺ አንዲት ባለ ቤዝ ልጅ ብዙ ጊዜ "ቆይ፣ ላንቺ እመጣለሁ" የምትባለውም ለዚህ ነው።

● ግራኝ ልጅም ደጋኑን በቀኙ ይይዛል። በኦርኬስትራ ውስጥ ደጋኖች ሁሉ አንድ ላይ ወጥተው አንድ ላይ ይወርዳሉ፤ አንዱ ቢገለበጥ የጎረቤቱን ዓይን ይወጋል። ቻርሊ ቻፕሊን ግን ክሮቹን አስገልብጦ በግራው ይጫወት ነበር። ኦርኬስትራ ውስጥ አልተቀመጠማ።

● አሁን ወደ ታሪኩ። ቫዮሊን የሀብታም ልጅ ዕቃ ነው የሚል ሐሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። የልጆች የክር ኦርኬስትራ ታሪክ ግን ሲገለጥ በአብዛኛው የድሃ ልጆች ታሪክ ነው። በ1703 አንቶኒዮ ቪቫልዲ የተባለ ወጣት ቄስ በቬኒስ "ኦስፔዳሌ ዴላ ፒዬታ" በሚባል ተቋም የቫዮሊን መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ተቋሙ ተጥለው የተገኙ ሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ሴቶቹ ልጆች ሙዚቃ ይማራሉ፤ ሲጫወቱ ሕዝቡ አያያቸውም፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነው ነው። የአባት ስም ስላልነበራቸው በመሣሪያቸው ይጠሩ ነበር። ከሁሉ የገነነችው "አና ማሪያ ዳል ቫዮሊን" ትባላለች፣ ባለ ቫዮሊኗ አና ማሪያ። ቪቫልዲ ለእሷ ብሎ ኮንሰርቶዎች ጽፎላታል። ከመላው አውሮፓ የሚመጣ እንግዳ እነዚህን ልጆች ሳይሰማ ቬኒስን አየሁ አይልም ነበር።

● በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1897 ሜድስቶን በሚባል ከተማ፣ ኦል ሴንትስ በሚባል ትምህርት ቤት፣ ቫዮሊን በቡድን ማስተማር ተጀመረ። በቡድን የሚለውን ያስምሩበት፤ ያኔ ቫዮሊን አንድ መምህር ለአንድ ልጅ የሚያስተምረው ነገር ነበር። መርዶክ የተባለ የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴ ቫዮሊኑን፣ ደጋኑንና ሣጥኑን አቀረበ፤ ወላጆች በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ይከፍላሉ። በ1909 ትምህርቱ ከ5,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ደርሶ 400,000 ያህል ልጆች ይማሩ ነበር። ነጋዴው ያተረፈውን አተረፈ፤ የብረት ቀጥቃጭ ልጅም ቫዮሊን ያዘ። ሁለቱም እውነት ነው።

● አልበርት ሚቸል የተባለ የቦስተን የሙዚቃ መምህር በ1910 እንግሊዝ ሄዶ ይህንን አየና በ1911 በቦስተን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የቫዮሊን ክፍል ከፈተ። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ በትምህርት ሰዓት ቫዮሊን ይዞ ከክፍል ሲወጣ የሚታየው ሥርዓት ሥሩ በከፊል እዚያ ነው።

● ከእነዚህ ልጆች ጥቂት የማይባሉት የእኛ ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመሣሪያ ትምህርት በ4ኛና በ5ኛ ክፍል ይሰጣል። መስከረም ላይ "ልጅዎ የትኛውን መሣሪያ ይመርጣል?" የሚል ወረቀት ይመጣል። "ክራር የለም ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ አባት አይጠፋም፤ እኔ በበኩሌ ጥያቄው ተገቢ ይመስለኛል።

● ታዋቂዋ የፒያኖ ደራሲ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ቫዮሊን ይማሩ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? የከንቲባ ገብሩ ልጅ የነበሩት እማሆይ፣ ያኔ ስማቸው የውብዳር፣ በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተልከው ቫዮሊን የያዙት እዚያ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

● በ99 ዓመቱ የሞተ ሌላ የቫዮሊን ሰው ሺኒቺ ሱዙኪ ነው (1898–1998)። አባቱ ማሳኪቺ፣ ሻሚሰን የሚባለውን የጃፓን ባህላዊ የክር መሣሪያ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ኋላ ናጎያ ላይ ትልቅ የቫዮሊን ፋብሪካ አቋቋመ። የሚገርመው፣ ልጁ በቫዮሊን መካከል አድጎ ቫዮሊንን እንደ ዕቃ ብቻ ነበር የሚያየው። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ሚሻ ኤልማን የተጫወተውን የሹበርትን "አቬ ማሪያ" በሸክላ ሰማና ነገሩ ተለወጠ። በ1921 ወደ በርሊን ሄደ። ጀርመንኛ አቃተው። አዋቂ ሆኖ ቋንቋ ሲያንገላታው፣ የጃፓን ሕፃናት ሁሉ ጃፓንኛን ያለ ችግር መናገራቸው እንደ አዲስ ግኝት ታየው። ቋንቋን ሁሉም ልጅ የሚችለው በመስማት፣ በመደጋገምና ከእናቱ ጋር በመሆን ከሆነ፣ ቫዮሊንስ ለምን አይሆንም? አለ።

● ከዚያ የመጣው ዘዴ ወላጅን አይምርም። በሱዙኪ ትምህርት መጀመሪያ ቫዮሊን የምትይዘው እናትየዋ ናት፤ ልጁ ቁጭ ብሎ ያያል። እናቱ የያዘችውን ነገር ልጅ ካልነጠቀ ልጅ አይደለም፤ ስሌቱ ይህ ነው። ኖታ ማንበብም ወዲያው አይመጣም፤ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ይናገር የለ? ዛሬም በብዙ የሱዙኪ ክፍሎች የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች የሚጀምሩት ከካርቶንና ከማስመሪያ በተሠራ ድምፅ አልባ ቫዮሊን ነው። ቢጥሉት አይሰበርም፣ ቢሰበርም አያሳዝንም።

● ሱዙኪን ለዓለም ያስተዋወቀው መጽሐፍ ሳይሆን ፊልም ነው። በ1958 በኦሃዮ፣ ኦበርሊን ከተማ የተሰበሰቡ የክር መምህራን አንድ አጭር ፊልም ተመለከቱ፤ 750 ያህል የጃፓን ሕፃናት የባህን የሁለት ቫዮሊን ኮንሰርቶ በአንድነት ሲጫወቱ። መምህራኑ ያዩትን ማመን አቃታቸው። በዓመቱ ጆን ኬንዳል የተባለው መምህር በዓይኑ ለማየት ጃፓን ሄደ፤ በ1964 ደግሞ ሱዙኪ አሥር ልጆች ይዞ አሜሪካ መጣ። ከዚያ ቀደም በ1961 ቶኪዮ ላይ ልጆቹን የሰማው ታላቁ የቼሎ ሰው ፓብሎ ካሳልስ እያነባ ሱዙኪን አቅፎታል።

● ያ የባህ ኮንሰርቶ ሌላ ቦታም ብቅ ይላል። የቫዮሊን መምህርቷ ሮቤርታ ጓስፓሪ፣ ባሏ የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኖ ግሪክ ሲኖሩ 50 ትንንሽ ቫዮሊን ገዝታ ነበር። ትዳሩ ፈረሰ፤ ሁለት ልጆቿንና 50 ቫዮሊኖቿን ይዛ ኒውዮርክ ገባች፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም በኢስት ሃርለም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመረች። የሚማረው ልጅ የሚለየው በፈተና ሳይሆን በዕጣ ነበር፤ ፈላጊው ከቫዮሊኑ በዝቶ። በ1991 በጀቱ ተቆረጠ። እሷም ወላጆችን ይዛ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች፤ በ1993 በካርኔጊ አዳራሽ በተደረገ ኮንሰርት ልጆቹ ከታዋቂዎቹ የቫዮሊን ተጫዋቾች ከአይዛክ ስተርንና ከኢትዛክ ፐርልማን ጎን ቆመው ያንኑ ባህ ተጫወቱ። ታሪኩ በ1999 "ሚውዚክ ኦቭ ዘ ኸርት" የሚል ፊልም ሆኖ ሜሪል ስትሪፕ ሠርታበታለች። ዳይሬክተሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዌስ ክሬቨን፤ "ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት" እና "ስክሪም" የሚባሉትን አስፈሪ ፊልሞች የሠራው። ሃምሳ ጀማሪ ቫዮሊን ባንድ ክፍል ውስጥ ሲጮኽ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በምርጫው አይደነቅም።

● ኢትዛክ ፐርልማን ራሱ በሦስት ዓመቱ ቴል አቪቭ ውስጥ ቫዮሊን ልማር ቢል "ለመያዝ ታንሳለህ" ተብሎ ተመልሷል። በአሻንጉሊት ቫዮሊን ራሱን ማስተማር ጀመረ። ሌላው ዝነኛ የቫዮሊን ተጫዋች ዬሁዲ ሜኑሂን በበኩሉ በአራት ዓመቱ የእውነት ቫዮሊን ጠይቆ የቆርቆሮ መጫወቻ ቢሰጡት በንዴት ወርውሮታል። የቫዮሊን ተጫዋቹ ጆሹዋ ቤል ደግሞ በአራት ዓመቱ የቁም ሣጥን መሳቢያ እጀታዎች ላይ ላስቲክ ወጥሮ እናቱ ፒያኖ ላይ የምትጫወተውን ይፈልግ ነበር።

● ዝነኛው የቼሎ ተጫዋች ዮዮ ማ በልጅነቱ የፈለገው ከሁሉ የሚበልጠውን መሣሪያ፣ ደብል ቤዙን ነበር። አልሆነም፤ በአራት ዓመቱ በቼሎ ታረቀ። በኅዳር 1962፣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ዋሽንግተን ውስጥ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፊት ተጫወተ።

● አልበርት አይንስታይን ቫዮሊን የጀመረው በስድስት ዓመቱ ገደማ ነው፤ አልወደደውም። የወደደው አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ ከሞዛርት ሶናታዎች ጋር ሲተዋወቅ ነው። ሰባት ዓመት ማለት ነው። ልጅዎ በጥቅምት ጀምሮ በኅዳር "ሰለቸኝ" ካለ ያስታውሱት።

● ሞዛርት ካልን፦ "ሞዛርት ማዳመጥ ሕፃንን ጎበዝ ያደርጋል" የሚለው ወሬ የመጣበት የ1993 ጥናት አንድም ሕፃን አልነበረበትም። የተፈተኑት የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ ውጤቱም ከሩብ ሰዓት አላለፈም። ይህ ሁሉ ሆኖ በ1998 የጆርጂያ ግዛት ገዥ ዜል ሚለር፣ በግዛቱ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ ይታደል ብለው 105,000 ዶላር በጀት ጠይቀዋል።

● መማር ግን ከማዳመጥ ይለያል። በ1995 የታተመ አንድ ጥናት፣ የክር ተጫዋቾችን የግራ እጅ ጣቶች የሚያዳምጠው የአንጎል ክፍል ከሌላው ሰው ሰፋ ብሎ አግኝቶታል፤ በልጅነት የጀመሩት ላይ ልዩነቱ ይጎላል። በሎስ አንጀለስ "ሃርመኒ ፕሮጀክት" በሚባል ነፃ የሙዚቃ ትምህርት ውስጥ ባሉ የድሃ ሰፈር ልጆች ላይ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ያደረጉት በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ አንጎል የንግግር ድምፆችን የሚለይበት መንገድ መሻሻሉን አሳይቷል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለውጡ የታየው ከሁለት ዓመት ትምህርት በኋላ ነው። በአንዱ ዓመት ማብቂያ ምንም አልነበረም። አንድ ዓመት ሞክረው "ምንም አልጠቀመም" ብለው በጀት የሚቆርጡ ሰዎች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

● በ1975 ካራካስ ውስጥ የምጣኔ ሀብት ምሁርና ሙዚቀኛ የነበረው ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው በአንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የወጣቶች ኦርኬስትራ ልምምድ ጠራ። የመጡት 11 ሰዎች ነበሩ። ያ ነገር "ኤል ሲስቴማ" ሆኖ በመላዋ ቬኔዝዌላ ተስፋፋ፤ ዝነኛው የኦርኬስትራ መሪ ጉስታቮ ዱዳሜል የወጣው ከዚያ ነው። ትንንሾቹ ልጆች የእውነት ቫዮሊን ከመያዛቸው በፊት "የወረቀት ኦርኬስትራ" ውስጥ ይገባሉ፤ ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ከወረቀትና ከሙጫ ቫዮሊን ሠርተው፣ አያያዙንና አቀማመጡን በዚያ ይለማመዳሉ። በኅዳር 2021 ይኸው ድርጅት ካራካስ ላይ 8,573 ሙዚቀኞች በአንድ ጊዜ የቻይኮቭስኪን "የስላቭ ማርሽ" አጫውቶ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል።

● ፓራጓይ ውስጥ ካቴውራ የሚባለው ሰፈር የዋና ከተማዋ የአሱንሲዮን ቆሻሻ የሚደፋበት ቦታ ነው። ፋቪዮ ቻቬስ የተባለ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ለልጆቹ ሙዚቃ ማስተማር ሲጀምር ቫዮሊኑ አልበቃ አለ፤ በዚያ ሰፈር ደግሞ የእውነት ቫዮሊን ለልጅ ሰጥቶ ወደ ቤት መላክ ልጁን ለሌባ ማጋለጥ ነው። ኒኮላስ ጎሜስ የሚባል ቆሻሻ ለቃሚ ከዘይት ጣሳ፣ ከተጣለ እንጨትና ከሹካ ቫዮሊንና ቼሎ ይሠራላቸው ጀመር። ሹካው የዋዛ አይደለም፤ የክሮቹን ጫፍ የሚይዘው እሱ ነው። ማንም የማይሰርቀው ቫዮሊን።

● ወደ አህጉራችን እንምጣ። የኪንሻሳው ኪምባንጊስት ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በ1994 ሲመሠረት መሥራቹ አርማንድ ዲያንጊዬንዳ ሥራውን ያጣ የአውሮፕላን አብራሪ ነበር። ያኔ ጥቂቶቹን ቫዮሊኖች ተማሪዎቹ በየተራ ይጫወቱባቸው ነበር፤ ክር ሲበጠስ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይወጠርለት ነበር። ሶዌቶ ውስጥ በ1997 የተከፈተው "በስኬይድ" የክር ትምህርት ቤት ደግሞ ሥሩ መንገድ ላይ ነው፤ እንግሊዛዊቷ የቪዮላ ተጫዋች ሮዝመሪ ናልደን በ1992 የሙያ ጓደኞቿን አሰማርታ በብሪታንያ ባቡር ጣቢያዎች ዲፕክሉፍ ለሚባለው የሶዌቶ ሰፈር ልጆች እየተጫወቱ ሳንቲም አሰባስበዋል።

● በሒማላያ ግርጌ ካሊምፖንግ በምትባል የሕንድ ከተማ አንድ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ በ1993 ለቀን ሠራተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። የጋንዲ አሽራም ትምህርት ቤት ይባላል። እዚያ ቫዮሊን ምርጫ አይደለም፤ ሁሉም ይማራል።

● ታላላቅ ደራስያን ለልጆች ጽፈዋል፣ ከልጅነታቸውም ወስደዋል። ቤንጃሚን ብሪተን በ1934 የጻፈው "ሲምፕል ሲምፎኒ" ዜማዎቹ እሱ ራሱ በልጅነቱ የጻፋቸው ናቸው። ባርቶክ በ1931 ለሁለት ቫዮሊን ያዘጋጃቸው 44 አጫጭር ድርሰቶች የተጻፉት ኤሪክ ዶፍላይን የተባለ መምህር ለተማሪዎች ስለጠየቀው ነው። ጉስታቭ ሆልስትም "የቅዱስ ጳውሎስ ስዊት"ን የጻፈው ለንደን ውስጥ ለሚያስተምርበት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነው፤ ድምፅ የማያስገባ የሥራ ክፍል ስለሠሩለት ምስጋናው ነበር። ድምፅ የማያስገባ ክፍል! በትምህርት ቤት ውስጥ ሙዚቃ ያስተማረ ሰው ውለታው ይገባዋል።

● በሠርግና በትምህርት ቤት ኮንሰርት የማይቀረው የፓኸልበል "ካኖን" ውስጥ ቼሎው ስምንት ድምፅ ብቻ እንዳለው ያውቁ ኖሯል? ቫዮሊኖቹ እየተከታተሉ ሲወጡ ሲወርዱ፣ ቼሎው ያንኑ ስምንት ድምፅ 28 ጊዜ ይደጋግማል። ቼሎ የሚማር ልጅ ካለዎትና የበዓሉ ኮንሰርት ከተቃረበ፣ በየማታው ከጓዳ የሚሰሙት እሱን ነው።